አሥራ ስድስት ባር፦ የኦዲሽን ዝግጅት ማስታወሻ

ቀን 1

የኦዲሽኑ፣ ማለትም የዘፋኞች መምረጫ ፈተናው፣ ማስታወቂያ ሦስት መስመር ነው። ከሙዚቃዊ ተውኔት የተወሰዱ ሁለት ዘፈኖች፤ አንዱ ዝግ ያለ፣ አንዱ ፈጠን ያለ። ከእያንዳንዱ 16 ባር፣ ማለትም ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተለዩ 16 የምት ክፍሎች። ሦስተኛው መስመር ደግሞ «ኖታ አይቶ መዝፈን ሊጠየቅ ይችላል» ይላል።

ይቺ «ሊጠየቅ ይችላል» እንቅልፍ ነሳችኝ።

እውነቱን ላውራ። ኖታ አውቃለሁ፤ የማነበው ግን ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ነው። አዲስ ዘፈን ሲሰጠኝ ቀረጻ ፈልጌ በጆሮዬ እይዘዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግቼ የማነብ እመስላለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አልነቃብኝም። አሁን ግን ቀረጻ የሌለው ነገር ሊሰጡኝ ነው።

6 ሳምንት ቀርቶኛል። ማስታወሻውን የምይዘው ራሴን ስለማላምን ነው። መጻፍ ካቆምኩ ልምምዱንም ትቼዋለሁ ማለት ነው።

ዛሬ የሠራሁት ሒሳብ ብቻ ነው። 16 ባር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በ4/4 (በየባሩ 4 ምት) ከሆነ 64 ምት ነው። በደቂቃ 120 ምት ቢሄድ 32 ሰከንድ ይሆናል። በ72 ዝግ ቢል 53 ሰከንድ ገደማ። በ3/4 ሆኖ በ120 ከሮጠ ደግሞ 24 ሰከንድ ብቻ። ጉሮሮዬን ስጠርግ እንኳ ከዚያ በላይ እቆያለሁ።

ቀን 2

ያሉኝን የኖታ ወረቀቶች ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍኳቸው። 23 ዘፈኖች ወጡ። እስከ ማታ 9 ቀሩ።

መጀመሪያ የጣልኩት ከዕድሜዬ ጋር የማይሄዱትን ነው። 26 ዓመቴ ነው። ልጆቿን ድራ ባዶ ቤት የቀረች እናት የምትዘፍነውን ዘፈን ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ያምራል። ግን የኔ አይደለም። ቀጥሎ ከሴራው ተነጥለው ሲቆሙ ትርጉም የማይሰጡትን አወጣሁ። ከዚያ ደግሞ በየኦዲሽኑ የሚሰሙትን፣ ዳኞቹ ገና መግቢያውን ሲሰሙ ማን የተሻለ እንደዘፈነው የሚያስታውሱትን።

አንዱን ግን መጣል አቃተኝ። መጨረሻው ላይ ረጅም ከፍ ያለ ኖታ ያለው፣ ገላዬን ስታጠብ ሁሌ የምዘፍነው ዘፈን ነው። ለጊዜው ተቀምጧል።

ቀን 4

የመጀመሪያው አይቶ የመዝፈን ሙከራ። 8 ባር፣ አንድ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት)፣ 4/4። ከልጆች መለማመጃ የወሰድኩት ነው።

አሳፋሪ ነበር። ሁለተኛው ባር ላይ ተሳሳትኩ፣ ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ተሳሳትኩ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። 8 ባር ለመጨረስ 4 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስልኬ ላይ ቀድቼው ነበር፤ ሳዳምጠው የዘፈንኩት ከተነፈስኩት ያንሳል።

ቀን 5

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ዓመት በኦዲሽን ክፍሎች ፒያኖ ሲያጅቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ቤታቸው ሆነው ተማሪ ይቀበላሉ።

«የፈራሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ኖታ አይቼ መዝፈኑን ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ምናልባት ይመጣል፣ ምናልባት ይቀራል። ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ሰው በእርግጠኝነት አይቶት የማያውቀውን ወረቀት አንብቦ ይጫወታል። ማን ይመስልሻል?»

ዝም አልኩ።

«ፒያኒስቱ ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ የሰው ወረቀት ሲያነብ የዋለ ምስኪን። ያንቺን የሚያይበት ጊዜ አንቺ ስምሽን ለዳኞቹ እስክትናገሪ ያለው ነው። አንቺ ግማሽ ደቂቃ ታገኛለሽ፣ እሱ አምስት ሰከንድ። ወረቀትሽ ከተበላሸ እሱ ይሰናከላል፣ የምትወድቂው ግን አንቺ ነሽ።»

እኔ ዘፈን ስመርጥ የማየው ድምፄን ነበር። ከመምጣቴ በፊት ስለ ፒያኖው ክፍል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። 9ኙን ዘፈኖች አንድ በአንድ ለጋሼ አቀረብኩ፤ አይተዋቸው የማያውቁ ያህል እንዲጫወቷቸው ለመንኳቸው። ሁለቱ እዚያው ወደቁ። አንዱ የአሜሪካዊው የሙዚቃዊ ተውኔት ዜማና ግጥም ደራሲ የስቲቨን ሶንዳይም ነበር። የሱ የፒያኖ ክፍሎች በኦዲሽን ፒያኒስቶች ዘንድ በክብደታቸው የታወቁ ናቸው። ጋሼ እሱን የሚጫወቱት ቁጭ ብለው ተለማምደው እንደሆነ ነገሩኝ። «ለማላውቀው ሰው እንዲህ ያለውን አልሰጥም፤ ክፋት ነው» አሉ። ሌላው ደግሞ ግጥምና የኮርድ ስሞች ብቻ ያሉበት ወረቀት ነው። እሱን የሰጠሁት ፒያኒስት መግቢያውንም ምቱንም ከራሱ ሊፈጥር ነው። የፈጠረው እኔ ከለመድኩት ጋር ላይገጥም ይችላል።

ቀን 6

ከአይቶ መዝፈን ትምህርት የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር። ዶ፣ የዶ ሬ ሚ መነሻዋ ድምፅ፣ የት እንዳለች ለማወቅ መስመሩ መነሻ ላይ ያሉትን ምልክቶች ማየት ይበቃል።

ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ምልክት) ከሆነ የመጨረሻው ሻርፕ 7ኛው ድምፅ ነው፤ ከሱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ስትል ዶ። ኤፍ ሻርፕ እና ሲ ሻርፕ ካሉ፣ የመጨረሻው ሲ ሻርፕ ነው፤ ስለዚህ ዶ ዲ ላይ ነው። ፍላት ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፍላት ራሱ ዶ ነው። ቢ፣ ኢ፣ ኤ ፍላት ካሉ ዶ ኢ ፍላት ላይ ነው። አንድ ፍላት ብቻ ካለ ከሱ በፊት ሌላ ስለሌለ በቃል መያዝ ነው፤ ዶ ኤፍ ነው።

ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም? ምናልባት ነግረውኝ እኔ ቀረጻ እየፈለግሁ ይሆናል።

ቀን 7

የስም ጣጣ። ልጅ ሆኜ የተማርኩት ዶ ሁሌ አንድ ቦታ የሚቀመጥበትን ስልት ነው። ጋሼ የሚያስተምሩኝ ደግሞ ዶ ከኪዩ (ዘፈኑ ከተመሠረተበት ድምፅ) ጋር የሚንቀሳቀስበትን። ጭንቅላቴ ሁለት ቦታ ተከፈለ። እሺ፣ ሁለቱንም ትቼ በቁጥር ልዝፈን አልኩ።

አማርኛ ቁጥሮች ለዚህ አልተፈጠሩም። «አንድ» ይሁን። «ሁለት» እና «አራት» ግን ሁለት ሁለት ቀለም ናቸው። «አምስት» እና «ስድስት» ደግሞ አፍ ውስጥ ይተረማመሳሉ። አጫጭሮቹ ስምንተኛ ኖታዎች ሲከታተሉ ምላሴ ተቆላለፈ። ወደ ዶ ሬ ሚ ተመለስኩ፣ በሚንቀሳቀሰው ስልት። ሰባተኛውን ግን «ቲ» እለዋለሁ። «ሲ» ካልኩት በፊደሉ ከሚጠራው ሲ ጋር ይምታታብኛል።

በዚህ ጉዳይ የተማረርኩት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። እነዚህን ስሞች ያስጀመረው በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ ነው። በስልቱ 10 ዓመት የሚፈጀውን የዘማሪ ትምህርት በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያደርሰው ጽፏል። እኔ ያለኝ 5 ሳምንት ነው።

ቀን 9

የመቀስ ቀን። ዝግ ላለው ዘፈን የመረጥኩት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 አንስቶ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ያለውን ብዙዎች የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔት ወርቃማ ዘመን ይሉታል፤ ከዚያ ነው። 32 ባር፣ አራት ቤት፣ እያንዳንዱ 8 ባር። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዜማ አላቸው። ሦስተኛው ይለያል፤ ድልድዩ እሱ ነው።

ከ32 ውስጥ 16ቱን ከየት ልቁረጥ? መጀመሪያ ከላይ መጀመር ደግ መሰለኝ። ከዚያ ግን ሁለት ጊዜ ያንኑ ዜማ ዘፍኜ ልወጣ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ወሰድኩ። እዚያ ሴትዮዋ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ከቀየረች በኋላ ነው ወደ ቀድሞው ዜማ የምትመለሰው። ተመሳሳይ ዜማ ነው፣ የምታወራው ግን ሌላ ሰው ሆና ነው። በ16 ባር ውስጥ አንድ ነገር ከተለወጠ በቂ ይመስለኛል።

ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ በፕላስተር አጣብቄ፣ እጄን እያሸሁ ለጋሼ ወሰድኩላቸው።

ቀን 10

ጋሼ ያለውን ብቻ ተጫወቱ። ያለው ደግሞ ጉድ ነው።

መጀመሪያ ቆሙ። «ስንት በስንት ነው?» አሉ። 3/4 ነዋ! «የት ተጽፏል?» አየሁ፤ የለም። ሻርፕና ፍላቱ በየመስመሩ መነሻ ይደገማል። የምት ቁጥሩ ግን የሚጻፈው ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ ነው። እኔ ያንን ገጽ ቆርጬ ጥያለሁ። ቴምፖውም (ፍጥነቱም) አብሮት ሄዷል።

ጀመሩ። ከ6ኛው ባር በኋላ የግራ እጃቸው ጠፋ። ፎቶ ኮፒው የታችኛውን መስመር በልቶታል፤ የግራ እጁ ኖታዎች ግማሽ ጎናቸው ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ ነው። 12ኛው ባር ላይ የድግግሞሽ ምልክት መጣ። ጋሼ ታዘዙና ወደኋላ ተመለሱ። እኔ ወደፊት እየዘፈንኩ ነው። ሁለታችንም ቆመን ተያየን።

«ጋሼ፣ እሱን እኮ ይዝለሉት!»

«ያልጻፍሽልኝን እንዴት ልዝለል? እኔ የማውቀው ወረቀትሽን ነው፤ ልብሽን አላውቅም።»

ቤቴ ተመልሼ ሙሉውን በኮምፒውተር እንደ አዲስ ጻፍኩት። አንድ ምሽት ሙሉ። አንድ ነገር ግን ሳላስበው አገኘሁ። እያንዳንዱን ኖታ በእጄ ሳስገባ፣ ይህ ዘፈን ውስጥ ከሶል ወደ ሚ የሚዘል ቦታ ሦስት ጊዜ እንዳለ አየሁ። ለዓመታት ስዘፍነው አይቼው አላውቅም። ከሁሉም የማንበብ ልምምዶቼ የዚያ ምሽት ይበልጣል።

ቀን 13

ሁለተኛው ረቂቅ። ሁለት ገጽ፣ ጎን ለጎን፣ ገጽ መግለጥ የለም። ላይ ላይ የምት ቁጥሩና ቴምፖው። መነሻውና ማብቂያው በትልቁ። የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ውስጥ አላስገባሁትም፤ መብራት ሲያርፍበት ኖታው ይጠፋል። ቀዳዳ በስቼ በቀጥታ ክላሰር ውስጥ።

ጋሼ በእርሳስ አንድ ነገር ጨመሩ። ዘፈኑ ድንገት የሚዘገይበት ባር ላይ ትንሽ መነጽር ሣሉ። ሁለት ክብ፣ መሃል ላይ መስመር።

«ምንድን ነው?»

«ዓይንሽን ክፈቺ ማለት ነው። ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል።»

ቀን 14

አይቶ መዝፈን፦ 10 መልመጃ፣ ሳይቆም ያለቀ 3። ትናንት 1 ነበር።

ቀን 16

የማቆም በሽታዬ። ስሳሳት እመለሳለሁ፤ እጄ ላይ አይደለም። ጋሼ ከትናንት ወዲያ ደብዳቤ መክፈቻ የምታክል ካርድ ይዘው መጡ። እኔ ስዘፍን ያለፍኩትን ባር ከኋላዬ እየተከተሉ ይሸፍኑታል። መመለስ ብፈልግ የምመለስበት የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይሉኛል፣ ካርዱን እየገፉ።

ሁለት ቀን ተናደድኩባቸው፣ በሦስተኛው ሠራ። የተሳሳተ ኖታ አንድ ኖታ ነው። ምቱን ከለቀቅሽ ግን የቀረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ምቱን ብቻ አጨበጭባለሁ፣ ከዚያ በምቱ ላይ የኖታዎቹን ስም ሳልዘፍን እናገራለሁ፣ ዜማው መጨረሻ ይመጣል። ዓይኔ ከአፌ አንድ ባር መቅደም አለበት። ካርዱ ለዚህም በጀኝ። ወደኋላ የሚያይ ዓይን ከሌለ ወደፊት ይሄዳል።

ቀን 19

ያቺ ግማሽ ደቂቃ። የብሪታንያው የሙዚቃ ፈተና ቦርድ ኤቢአርኤስኤም በድምፅ ፈተናው ላይ ከመዘመር በፊት 30 ሰከንድ ያህል ማያ ጊዜ ይሰጣል። ኦዲሽን ላይ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል፤ እኔ ለ30 ሰከንድ እየተዘጋጀሁ ነው።

እስካሁን 30ውን ሰከንድ የማጠፋው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባሮች በሹክሹክታ ደጋግሜ በመዝፈን ነበር። ሁለቱ ባሮች ያምራሉ፤ ከዚያ ገደል ነው። አሁን ቅደም ተከተሌ ሌላ ነው። ዶ የት ነው፣ ስንት በስንት ነው፣ የመጨረሻው ኖታ ምንድን ነው። መጨረሻው ላ ላይ ካረፈና መሃል ላይ ሶል ከፍ የተደረገበት ምልክት ካለ ማይነር ነው። ይህ 10 ሰከንድ አይሞላም። የቀረውን በሙሉ ለከፋው ባር እሰጠዋለሁ። በእያንዳንዱ መልመጃ ውስጥ ፈታኙ ሆን ብሎ የተከለው አንድ ወጥመድ አለ። የሱን ባር ብቻ በልቤ እዘፍነዋለሁ። መጀመሪያውን ማንም ይችለዋል።

10 መልመጃ፣ ሳይቆም ያለቀ 6።

ቀን 21

ፋ እና ቲ ያስቸግሩኛል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ባለበት ዜማ አልሳሳትም ማለት ይቻላል። ፋ ስትገባ ወደ ሚ ወይም ወደ ሶል ትሸሽብኛለች። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ፋን ብቻዋን አልፈልጋትም። ሚን በልቤ አስቀምጬ ግማሽ ድምፅ ከፍ እላለሁ። ቲንም እንዲሁ፣ ከዶ በግማሽ ድምፅ ዝቅ እላለሁ። ሁለቱ በየጎናቸው ጠባብ ደረጃ እንዳላቸው ማወቅ በቂ ነበር።

ቀን 24

ጉንፋን። ድምፅ የለኝም። በዝምታ አነበብኩ፤ ሳልዘፍን በውስጤ መስማት። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቀን 27

የገላ መታጠቢያዬን ዘፈን ጣልኩት።

ጋሼ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠሩኝ። «ኦዲሽንሽ ስንት ሰዓት ነው?» ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል። «እንግዲያው አሁን ዝፈኚው።» ከፍተኛው ኖታ መጣ፤ ግን በልመና መጣ። ድጋሚ አሉኝ። ሁለተኛው ላይ ተሰነጠቀ። ማታ ማታ፣ ድምፄ ሞቆ፣ እንፋሎት ውስጥ ቆሜ የምዘፍነው ኖታ የኔ ኖታ አይደለም። የኔ የሚባለው ጠዋት፣ ፈርቼ፣ ውሃ ጠምቶኝ የሚወጣው ነው።

ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ሞከርን። ፒያኒስቱን እዚያው ቦታው ላይ ኪይ ቀይርልኝ ማለት ነውር ስለሆነ በኮምፒውተር ቀየርኩት። ከዲ ወደ ዲ ፍላት ወረደ። የወጣው ወረቀት እሾህ ነው፤ ድርብ ፍላቶች፣ ማንም የማይጽፋቸው ኖታዎች። ጋሼ አምስት ፍላት እንደማያስፈራቸው፣ ማሽን እንዳሻው የበተነውን ምልክት ማንበብ ግን ዓይን እንደሚያደክም ነገሩኝ። አጽድቼ መጻፍ እችል ነበር። ግን ዘፈኑ ያቺ ኖታ ካልበራች ሌላ ምንም የለውም። ለካ 15ቱ ባር ለ16ኛው ነበር የሚኖሩት።

በሱ ፈንታ ፈጠን ያለ፣ የቅርብ ጊዜ ዘፈን አስገባሁ። እንደ ወሬ የሚዘፈን፣ በደረት ድምፅ፣ አስቂኝ። አንዲት ሴት ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ ጥፋቱ የሌላው ሰው እንደሆነ ስታስረዳ ነው። ለማን እንደምትናገር ይታወቃል፣ ምን እንደምትፈልግም። ከፍተኛው ኖታ ተኝቼም ይወጣል። ከዝግተኛው ጋርም አይመሳሰሉም፤ አንዱ ረጅም ትንፋሽና ክብ ድምፅ ይጠይቃል፣ ሌላው ምላስ።

አንድ ወጥመድ አለው። 4/4 ሲሄድ ቆይቶ 11ኛው ባር ብቻ 2/4 ነው፤ ሴትዮዋ በራሷ ውሸት ስትደናቀፍ። ተጽፏል፣ ይታያል ብዬ አለፍኩት።

ቀን 30

ሁለት ጓደኞቼን ጠርቼ ባለ ሦስት ድምፅ ኮረስ አየን። እኔ መሃለኛውን ያዝኩ። ኦዲሽን ላይ አይቶ መዝፈን የሚጠየቀው በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ በኮረስ ውስጥ የራስን መስመር ቶሎ ይዞ የሚቆም ሰው ፍለጋ።

መሃለኛው መስመር ሁለት ኖታ ላይ ይመላለሳል። ወረቀቱ ላይ ሳየው ሳቄ መጣ። ስንጀምር ግን የላይኛዋ ዜማ እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ አራተኛው ባር ላይ እሷን እየዘፈንኩ ራሴን አገኘሁት። ዜማ የሌለው መስመር የሚያዝበት ጆሮ የለውም። ያዳነኝ የጓደኞቼን ድምፅ ላለመስማት መሞከሬ አይደለም፤ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ይልቅ የታችኛውን ድምፅ መስማት ነው። እሷ ዶ ላይ ስትቆም እኔ ሚ ላይ ነኝ፤ በመካከላችን ያለውን ርቀት ከያዝኩ ላይ ያለችው የፈለገችውን ትሁን።

ቀን 33

የውሸት ኦዲሽን፣ በማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ፊት። ጋሼ ፒያኖው ላይ፣ እንደማያውቁኝ ሆነው።

ቴምፖ መስጠት ነበረብኝ። ጣት ማንጫጨት አይፈቀድም፤ ፒያኒስት ፊት ጣት ማንጫጨት እንደ ውሻ መጥራት ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ ሁለት ባር በዝግታ ማንጎራጎር ነው ያለው። አንጎራጎርኩ። ዘፈኑ እንደ ንፋስ በረረ። ግማሹን ቃል ዋጥኩት።

ቀረጻውን በሜትሮኖም (በምት መቁጠሪያው) ለካሁት። ወረቀቴ ላይ 96 ይላል። የሰጠሁት 112 ነበር። የልቤ ምት ነው የሰጠሁት። ካሁን በኋላ ቴምፖ ስሰጥ የማንጎራጉረው መጀመሪያውን አይደለም። ቃል የሚበዛበትን መስመር ነው። እሱ በልኩ ከተነገረ ሌላው አያስቸግርም።

ቀን 38

ክላሰሩን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ሁለቱ ዘፈኖች አሉ። ከኋላ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ዘፈን ቀርቷል፣ ክላሰሩ እንዳይሳሳ። ልተወው።

10 መልመጃ፣ ሳይቆም ያለቀ 8።

ቀን 42

ገባሁ። ፒያኒስቱ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። ሰላም አልኩት፣ ሁለቱን ገጾች ዘረጋሁለት፣ መነሻና ማብቂያውን በጣቴ አሳየሁት፣ ቃል የበዛበትን መስመር አንጎራጎርኩ። ራሱን ነቀነቀ። ወደ መሃል ሄጄ ስሜንና የምዘፍነውን ተናገርኩ። ከኋላዬ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ዝግተኛው እንደተለማመድኩት ሄደ። ፈጣኑ ከዚያም ተሻለ፤ መሃል ላይ ያለችው ሴትዮ ሳቀች። ተገላገልኩ ስል፦

«ሌላ ምን አለሽ?»

ክላሰሩ እንዳይሳሳ ያስቀመጥኩት ዘፈን! ገልጬ ካነበብኩት 5 ሳምንት ሆኖታል። ግማሹን በወረቀት፣ ግማሹን በእግዜር ቸርነት ዘፈንኩት። ኖታው ላይ የት እንደሚጀመር እንኳ ምልክት አልነበረውም፤ ፒያኒስቱ በዓይኑ ጠየቀኝ፣ በጣቴ ነገርኩት።

ከዚያ ወረቀቷ መጣች። 8 ባር፣ 3/4፣ ሁለት ፍላት። ከመጨረሻው በፊት ያለው ቢ ፍላት፤ ዶ እሱ ነው። መጨረሻዋ ዶ። ወጥመዱ 5ኛው ባር ላይ፣ ከሶል ወደ ላይኛው ሚ ዝላይ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ በመቀስ የቆረጥኩት ዘፈን ውስጥ ያገኘሁት ዝላይ ነው እኮ! አወቅሁት ብዬ ደስ ስላለኝ ይሆናል፣ ሚ ማለት ሲገባኝ ሬ ላይ አረፍኩ። የጋሼ ካርድ ከኋላዬ እየመጣ መሰለኝ። አልተመለስኩም። 6ኛውን ባር በግማሽ ልብ አለፍኩ፤ 7ኛው ላይ መንገዴን አገኘሁ፤ ዶ ላይ ጨረስኩ።

«እሺ፣ እናመሰግናለን።»

ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

ቀን 43

ሦስተኛውን ዘፈን ከክላሰሩ አወጣሁት። የሚገባው እንደሌሎቹ ሲሠራ ነው፤ ሁለት ገጽ፣ የምት ቁጥር፣ ቴምፖ፣ መነሻና ማብቂያ።

ፈጣኑን ዘፈን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። 11ኛው ባር፣ 2/4 የሚሆነው ላይ፣ እኔ ያልጻፍኩት ነገር አለ። በቀጭን እርሳስ፣ በጥድፊያ የተሣለ። ሁለት ትንንሽ ክቦች፣ መሃል ላይ መስመር። ስሜን ስናገር ሣለው ማለት ነው።

ደህና እርሳስ ፈልጌ አደመቅሁት።